ቡሬ ድረስ የተከተለኝ ውድቀት

ቅዳሜ፣ ከአዲስ አበባ እስከ ፍኖተ ሰላም

ከአዲስ አበባ የተነሣሁት ጭፈራ ፍለጋ ነው። የአንድ የባህል ቡድን የውዝዋዜ አቀናባሪ ነኝ፤ ማን የት እንደሚቆም፣ ማን መቼ እንደሚዘል፣ ትከሻ በስንተኛው ቆጠራ እንደሚመታ የምወስነው እኔ ነኝ። ኃላፊያችን እትዬ አስቴር ግን ባለፈው ሳምንት ቁርጡን ነገሩኝ። «የጎጃሙ ጭፈራህ የወታደር ሰልፍ ሆኗል። እስከሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ነፍስ ካልዘራህበት ከፕሮግራሙ አወጣዋለሁ» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ የከፋኝም ለዚሁ ነው።

በዚያ ላይ ባለፈው ትርዒት መድረክ መሀል የገዛ ጋቢዬን ረግጬ በጉልበቴ ወድቄያለሁ። ሆን ብዬ ያደረግሁት ለማስመሰል መሬቱን ዳበስ ዳበስ አድርጌ፣ ሁለት ጊዜ አጨብጭቤ ተነሣሁ። ቪዲዮው ይኸው እስከ ዛሬ ከስልክ ስልክ ይዞራል።

አውቶቡሱ ዓባይ በረሃን ወርዶ፣ ወጥቶ፣ ደብረ ማርቆስን አልፎ ደምበጫ እስኪደርስ ድረስ ደብተሬን ጭኔ ላይ ዘርግቼ እየቆጠርሁ ትከሻዬን እሞክር ነበር። አጠገቤ የተቀመጡት የበርበሬ ነጋዴ ሲያዩኝ ቆይተው ነጠላቸውን ደረቡልኝ።

«ወባ ነው ልጄ?»

«የለም እማማ፣ እየቆጠርሁ ነው።»

«ምኑን?»

«ትከሻዬን።»

«ሁለት ነው እኮ፤ ምን ያስቆጥርሃል?»

ፍኖተ ሰላም አመሻሽ ላይ ደረስን። መናኸሪያው በር ላይ ማንጎ ገዝቼ ክንዴ ድረስ እየፈሰሰብኝ በላሁ። ሌሊቱን ወባ ከምር እንዳይዘኝ አጎበር ውስጥ ገብቼ ተኛሁ።

እሑድ፣ ቡሬ

በጠዋት ሚኒባስ ቡሬ ገባሁ። በገበያው በኩል ሳልፍ የተሰጣው በርበሬ ሰባት ጊዜ አስነጠሰኝ። ባዘዘው የቡድናችን ከበሮ መቺ ነው፤ ወንድሙን ሊድር ቀድሞኝ መጥቶ መናኸሪያ ይጠብቀኝ ነበር። «ጋሼ፣ ዛሬ ዋናውን ነው የምታየው» አለኝና አንድ ሰዓት በአቧራ መንገድ አስኬደኝ። በግራ በቀኝ ጤፉ ታጭዶ ተከምሯል።

ዳሱ ውስጥ ጥሩ ቦታ ሰጡኝ። ደብተሬን ገልጬ እስክሪብቶዬን አዘጋጀሁ። ስምንት ጎረምሶች አረንጓዴ ቁምጣ ለብሰው ገቡ። የመጀመሪያውን እርምጃ ጻፍሁ። ሁለተኛውን ስጽፍ ነገሩ የማውቀው መሰለኝ። ሦስተኛው ላይ እጄ ቆመ። የሚጨፍሩት የእኔን ጭፈራ ነበር! ከስምንት መቶ ኪሎ ሜትር በማያንስ ደርሶ መልስ ልማረው የመጣሁት የራሴን ሥራ ኖሯል።

ኋላ ስሰማ፣ ባዘዘው «አቀናባሪው ይመጣል» ብሎ ደውሎ ነበር አሉ። የሙሽራው አጎት አያ ጥጋቡም «እንግዳ የሚከበረው በራሱ ነገር ነው» ብለው፣ ቪዲዮውን በስልክ እያዩ ልጆቹን ሳምንቱን ሙሉ አሰልጥነዋል።

አያ ጥጋቡ ጥግ ላይ በዱላቸው ተደግፈው ይመራሉ። አንድ፣ ሁለት ብለው አይቆጥሩም። «አበራይ!» ሲሉ ጎረምሶቹ አውድማ ላይ እንዳሉ በሬዎች ይዞራሉ። «መንሽ!» ሲሉ ትከሻው ገለባ እንደሚያነሣ ሰው ወደ ላይ ይወረወራል። እኔ በቀስትና በቁጥር ደብተር የሞላሁበት ነገር እሳቸው አፍ ላይ ሁለት ቃል ነው። ቀናሁባቸው።

ከዚያ «ቃርሚያ!» ብለው ጮኹ። ስምንቱም በአንድ ጉልበታቸው ዱብ አሉ፤ ከአጨዳ የተረፈ ዛላ እንደሚለቅም ሰው መሬቱን ዳበስ ዳበስ አደረጉና ሁለት ጊዜ አጨብጭበው ተነሡ። ዳሱ በእልልታ ተናጋ። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድሁ።

ጠላው ሲቀርብ አላስችል ብሎኝ አጠገባቸው ተቀመጥሁ።

«አያ ጥጋቡ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ያ ቃርሚያ ያሉት እኮ… ወድቄ ነው።»

«ወድቀህማ ነው! ጋቢህን ስትረግጥ አይቻለሁ» አሉኝ ሳይደነቁ። «ታዲያ ተወደቅህ ወዲያ ባዶ እጅህን ልትነሣ ኑሯል? ተመሬት የወረደ ሰው ቃርሞ ይነሣል እንጂ!»

ሣቅሁ፤ ሣቁ መሀል ላይ ደግሞ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ያን ውድቀት ስደብቅ ስንት ቀን እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ሰኞ፣ አውድማ

በማግስቱ አያ ጥጋቡና ጎረምሶቹ ይዘውኝ ወረዱና መንሽ አስጨበጡኝ። የመጀመሪያውን ገለባ ነፋሱን ሳላይ ወረወርሁና ዓይኔን ሞላሁት። ስቀውብኝ ሲያበቁ ጀርባዬን ለነፋሱ አድርገው አዟዟሩኝ። እስከ እኩለ ቀን ትከሻዬ ዛለ፤ ግን የሚነሣው በስንተኛው ቆጠራ ሳይሆን የሚያነሣው ሲኖረው እንደሆነ ገባኝ። ማክሰኞ ከባዘዘው ጋር በመጣሁበት መንገድ ተመለስሁ። በአውቶቡሱ ውስጥ አልቆጠርሁም።

ዓርብ፣ አዲስ አበባ

ቡድኑን ሁለት ቀን በአበራይና በመንሽ አለማመድሁት። እትዬ አስቴር ወንበር ስበው ተቀመጡ። እኔም ከመስመሩ ገባሁ። እንዳልረግጠው ጋቢዬን በሁለት እጄ ጨምድጄ ይዣለሁ። ባዘዘው ከከበሮው ኋላ «ቃርሚያ!» ሲል ሰባቱ ጓደኞቼ ዱብ አሉ። እኔ በጋቢዬ ሐሳብ ተይዤ ብቻዬን ተገትሬ ቀረሁ።

እትዬ አስቴር እስኪያስላቸው ሣቁ። «ጭፈራው ይቆያል» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «መውደቅ ሲገባህ የምትቆመውን አንተን ግን ምን እንደማደርግህ እንጃ።»

ደስታዬም ኀፍረቴም አንድ ላይ ሆኖብኝ ለአያ ጥጋቡ ደወልሁ።

«ሁሉም ወርደው አንተ ብቻ ቆምህ?»

«አዎ።»



«ሸጋ ነው። ቃራሚ ሲወርድ ባለማሳው ቁሞ ያያል። ሁሉም ተወረደማ ማሳው የማን ሊሆን ነው?»

ማቀናበር ማለት ስሕተትን ማጥፋት ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ቃርሚያ ሲባል ሰባቱ ይወርዳሉ፤ እኔ እቆማለሁ።