«የመኪናዬ» የምትለው ቃል

ሊይዙን ሲመጡ ካሚዮን ሥር ተጋድሜ ነበር። መጀመሪያ የታየኝ የሁለት ሰዎች ጫማ ነው፤ የአንደኛው ተወልውሎ ያብለጨልጫል። ኮልፌ ጭቃ ላይ እንደዚያ የሚያብለጨልጭ ጫማ ደግ ነገር ይዞ አይመጣም። እጄን እንኳ ሳልታጠብ ከነዘይቴ ወሰዱኝ። የካሚዮኑን ባለቤትም አብረው።

ባለቤቱ በጅማ መንገድ ላይ ያረጁ የቀራንዮ ሾፌር ነበሩ። ካሚዮናቸውም እንደሳቸው ያረጀ ሆኖ፣ መሪውን በዘይት ግፊት የሚያቀል ፓምፕ በኋላ ተገጥሞለታል። የጊቤን ዳገት ሲያያዙት ታዲያ ዘይቱ ይፈላል፣ መሪው አልዞርም ይላል። ማብረጃ ልጨምርለት ተነሣሁ። ከቆሼ ከተለቀመ ፍሪጅ የመዳብ ቱቦ ፈትቼ፣ ጠምዝዤ፣ ዘይቱ በውስጡ ሲያልፍ ነፋስ እንዲያገኘው ከራዲያተሩ ፊት ማሰር ነው። መቼስ አፌ አያርፍም፤ ያን ዕለት ጠዋት ከመኪናው ሥር ሆኜ ጮህኩ፦

«ጋሼ፣ ይሄ መሪ አርጅቷል እኮ! ውስጥ ውስጡን ፈልቷል! ካላበረድነው ገደል ይከተናል!»

«እውነትህን ነው፣ እናብርደዋ!» ብለው ሳቁ።

አጠገባችን ካለው ሻይ ቤት አንድ ጆሮ ጠቢ ተቀምጦ ኖሯል። መሪ ሲባል እሱ የታየው ቤተ መንግሥቱ ነው። ከሰዓት በኋላ መጡ።

የገባንበት ክፍል ውስጥ አሥራ አንድ ሰው ነበር። ግድግዳው ወዝቷል። ጥግ ላይ የሽንት ባሊ አለ፤ አዲስ ገቢ የሚተኛው ከባሊው ጎን ነው። ሾፌሩ ኮታቸውን አንጥፈው በባሊው በኩል ተኙና እኔን ወደ ውስጥ ገፉኝ። «አንተ ገና ልጅ ነህ፣ ይብረድህ እንዴ?» አሉኝ። ሠላሳ ዓመቴ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ተጠራሁ። አንድ መቶ አለቃ ነው የሚጠይቀኝ።

«መሪው ማን ነው?»

«የካሚዮን መሪ ነው፣ ጌታዬ።»

«የካሚዮን መሪ ይፈላል?»

«ዘይቱ ነው የሚፈላው፣ ጌታዬ።»

ከት ብሎ ሳቀ። ከዚያ አንድ ወረቀት ገፋልኝ። «ሾፌሩ፣ መሪው አርጅቷል እናብርደው ሲል ሰምቻለሁ» ይላል። «ፈርምና ቤትህ ግባ። ሚስትህ መውለጃዋ ደርሷል አሉ» አለኝ።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የመኪናው የሚል ቃል የለበትም። እሷ ከሌለች ነገሩ በንጉሡ ላይ መዶለት እንደሚሆን ገብቶኛል። ማንም አልመታኝም፣ ይህን ልደብቅ አልፈልግም። ፈረምኩ።

ስመለስ ሾፌሩ ከቤት ከመጣላቸው ቂጣ ግማሹን አቆይተውልኛል።

«ምን አሉህ?»

«ምንም፣ ጋሼ።»

ቂጣውን ተቀበልኳቸው።

በማግስቱ እሳቸውን ጠሯቸው። የተመለሱት ከንፈራቸው አብጦ ነው። ኮታቸው ደረት ላይ የጣት ቀለም ተለቅልቋል። እያቃሰቱ አጠገቤ ተቀመጡ።

«አሻራህን አድርግ አሉኝ» አሉ። «እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ አንብቡልኝ አልኩ። መካኒኩ መሪው አርጅቷል ሲል ሰምቻለሁ፣ ይላል። ‹የመኪናዬ› የምትለዋስ የታለች? አልኳቸው። ያው ነው አሉኝ። ምኑ ነው ያው! እሷ ከሌለች የልጁ አንገት ይሄዳል አልኩና ቀለሙን እዚህ ጠረግሁት።»

«መቱዎት እንዴ?»

«የመታኝስ ኋላ ነው። መቶ አለቃው፣ ጓደኛህ ፈርሞብሃል አይለኝ መሰለህ!»

«እርስዎስ ምን አሉት?»

«ውሸታም! አልኩታ። ያን ልጅ አውቀዋለሁ አልኩት።» ባበጠ ከንፈራቸው ፈገግ አሉ። «ያኔ ነው የመታኝ።»

በሩን ማየት ጀመርኩ። እሳቸውን ማየት አልቻልኩም። ንገራቸው፣ አሁን ንገራቸው ይለኛል ልቤ። ያ የማያርፍ አፌ ያን ዕለት ተለጎመ።

በነጋታው ስሜ ተጠራ። ተነሥተው አቀፉኝና በጆሮዬ «አየህ? ባለመፈረማችን ነው። እኔንም ነገ ይለቁኛል» አሉኝ።

«አዎ፣ ጋሼ» አልኳቸው።

አልለቀቋቸውም። ወደ ክፍለ ሀገር እስር ቤት ወሰዷቸው፤ በሁለተኛው ክረምት መርዷቸው ቀራንዮ ደረሰ። ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ከኔ በላይ ያለቀሰ አልነበረም። ሰዉ ሁሉ እኔን ያጽናና ነበር።

ዛሬ እሳቸው ከሞቱበት ዕድሜ አልፌያለሁ። የፖለቲካ እስረኛ የነበረ እያሉ በየስብሰባው ያስነሡኛል። እኔ የመኪና መካኒክ ነበርኩ፣ ሌላ ነገር አልነበርኩም። ልጆቻቸው በየኢዱ ይጠሩኛል። ከትልልቆቹ ጎን አስቀምጠው ለልጅ ልጆቹ ያሳዩኛል፤ «አባባ መቶ አለቃውን ውሸታም ብለው የተመቱለት ሰው ይሄ ነው» ይሏቸዋል። ዘንድሮ እነግራቸዋለሁ እያልኩ እሄዳለሁ። ከሥጋው መልካም መልካሙን መርጠው ያቀርቡልኛል። በልቼ፣ መርቄ እመለሳለሁ።