ጽዋው ሳይሆን እሱ ይዙር

ባለቤቴ ምሳውን በልቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ «ተመስገን» ብሎ ይነሳል። ከዚያ ጎረቤት ቤት ይገባና «ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም» ይላል። የገብስ እንጀራው ፍርፋሪ ገና ጢሙ ላይ ነው። ጎረቤቴ ግን ፍርፋሪውን አታይም፤ የሚታያት የተራበ ሽማግሌና ክፉ ሚስት ነው። ወሬው እስከ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ደርሷል።

መጀመሪያ የረሳው የበጎቹን ጉረኖ መዝጋት ነበር። ቀጥሎ የልጆቹን ስም፣ በመጨረሻ እኔን። አንድ ጠዋት ትክ ብሎ አየኝና «እርስዎ የማን ቤት ነዎት?» አለኝ። በአርባ ዓመት ትዳር አንድም ቀን አንቱ ብሎኝ አያውቅም፤ ክብሩ የመጣልኝ ሲረሳኝ ነው። ሌላ ሰው ላይ ቢሆን እስቅ ነበር። ተናደድኩ።

ጤና ጣቢያ ብወስደው «እርጅና ነው እማማ፣ ይታገሡ» ብለው መለሱኝ። የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ መዝገቧን ይዛ መጥታ መጸዳጃ ቤት መቆፈራችንን ጠየቀች፤ ስለ እሱ ስነግራት የምትጽፍበት ቦታ አጣች። ጸበል ሦስት ሳምንት አስጠመቅሁት፤ ጉንፋን ይዞት ተመለሰ። አዲስ አበባ ያሉት ልጆቼ በስልክ «አይዞሽ» ይሉኛል። አይዞሽ እሱን አጥቦ አያለብስም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እኔ ከማንም አልደበቅሁም፣ መድኃኒቱ ታዲያ የት አለ?

የምመኘው ትንሽ ነገር ነበር፤ አንድ ሰው እሱን ለአንድ ቀን ይዞልኝ ቀየት ገበያ መውረድ። ግን ባሏን ምሳ ነሳች የተባለች ሴት ማንን ትለምናለች? ሰው ይይልኝ ብዬ ደጅ አውጥቼ ማብላት ጀመርኩ። ጎረቤቴ «ለታይታ ነው» አለች።

በዚህ መሃል የጽዋው ተራ ደረሰኝ። ማኅበራችን በየወሩ ከቤት ቤት ይዞራል። ከደጋሹ ቤት ጽዋውን ያነሳ ሰው የሚቀጥለውን ወር ጠላ ጠምቆ፣ ዳቦ ጋግሮ ሊቀበል ቃል ገባ ማለት ነው። ባለቤቴ ጤነኛ ሳለ የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴ የምንለው፣ እሱ ነበር። ጽዋ እምቢ ያለ ሰው አላየሁም።

የማኅበሩ ቄስ ጽዋውን ሲዘረጉልኝ እጄን ነጠላዬ ውስጥ ከተትኩ።

«አላነሳም፣ አባ።»

«ምነው ልጄ? ገብስ አነሰሽ?»

«ገብስ ሞልቶኛል። ያጣሁት ሰው ነው። ጌሾ ልወቅጥ ስቀመጥ እሱ ገደሉ አፋፍ ደርሷል። ጽዋው ከእኔ ይለፍና እሱን አዙሩልኝ። በወር አንድ አንድ ቀን ያዙት። አብሉት፤ እህል አልቀመስኩም ሲላችሁም ስሙት። ከዚያ በኋላ እሙኝ።»

እየጮህኩ ነበር። ጽዋ ፊት መጮህ ነውር መሆኑን አውቃለሁ። አልጸጸትም።

ቄሱ ጽዋውን እንደያዙ ከማኅበርተኞቹ መሃል ወደተቀመጠችው ጎረቤቴ ዞሩ።

«አንቺ አንሺው» አሏት። «ሙሴያችንንም ከአንቺ እንጀምራለን።»

ሁለት እምቢታ በአንድ ቀን አይሆንም። አነሳች።

በገበያው ቀን ጠዋት ባለቤቴን አደረስኩላትና ቀየት ወረድኩ። ጨውና ሳሙና ገዛሁ። ከዚያ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና ማንንም ሳልጠብቅ፣ ዝም ብዬ ሰው ሲያልፍ አየሁ።

ስመለስ ጎረቤቴ ሻሿ ተፈቶ ደጃፏ ላይ ቆማለች።

«ሁለት ጊዜ አበላኋቸው» አለች። «ሁለቱንም ጊዜ ወጥተው፣ ለመንገደኛው ሁሉ በረሃብ ገደለችኝ ብለው ተናገሩ።»

ይቅርታ አላለችም። እኔ ግን ደስ አለኝ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

እጁን ይዤ ወደ ቤታችን ስንሄድ በአክብሮት ቀና ብሎ አየኝ።

«እርስዎ ደግ ሰው ነዎት» አለኝ። «እስከ ደጄ ብቻ ያድርሱኝ። እዚያ ቤት ምሳ እንኳ አላቀመሱኝም። ግድ የለም፣ ሚስቴ ትጠብቀኛለች። ቁጡ ናት እንጂ ምሳዬን ነስታኝ አታውቅም።»

እስከ ደጁ አደረስኩት። ገብቼም እንጀራ አቀረብኩለት።