ምስር ውስጥ የገባ መረቅ

ባዩሽ ነገራ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ይህ ይመስከርላት። አመሏ ሳይጠሯት አቤት፣ ሳይልኳት ወዴት ማለት ነበር። ቁስቋም ሥር ተወልዳ ያደገች፣ ባሏ የሞተባት፣ ሰው ቤት ወጥ ሠርታ የምታድር ሴት ናት። በሃምሳ አራት ዓመተ ምሕረት ጉለሌ ቤት የተከራየ አንድ ሕንዳዊ የሒሳብ መምህር ቀጠራት። እሱ ትምህርት ቤት ስለሚውል፣ ውሎዋ ከሚስቱ ከሱሺላ ጋር ሆነ።

ሱሺላ ገና ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። መጀመሪያ ገበያ የወጡ ቀን ባዩሽ በሳቅ ልትሞት ነበር። ልጅቷ ቲማቲሙን ከአንዱ መደብ እያነሣች ከሌላው ትቀላቅላለች፤ ጠንካራውን መርጣ ለስላሳውን ትመልሳለች። ሻጮቹ «ኧረ መደቤን አፈረሰችው!» እያሉ ጮኹ። ቅመም ሻጩን ሽማግሌ ሸፊን ደግሞ «አንተ! ኮኮናት አለ?» አለቻቸው። ጉለሌ ላይ ኮኮናት መፈለግ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

መደብ እንዳለ እንደሚነሣ፣ ከከፈሉ በኋላም ምርቃት እንደሚጠየቅ ያስተማረቻት ባዩሽ ናት። በስድስተኛው ወር ሱሺላ ብቻዋን ወጥታ «መርቂልኝ እንጂ!» ብላ ሁለት ራስ ሽንኩርት አስጨምራ ስትመለስ፣ ባዩሽ የራሷ ልጅ ፈተና ያለፈች ያህል እልል አለች።

ሥጋና እንቁላል እዚያ ቤት አይገባም። ባዩሽ «ዓመቱን ሙሉ የሚጾሙ ሰዎች!» እያለች ታከብራቸው ነበር። ወተትና ቅቤ መብላታቸው ግር ቢላትም፣ የአገራቸው ሥርዐት ይሆናል ብላ ተወችው።

ከዚያ ሱሺላ አረገዘች። የቀመሰችው ሁሉ አልረጋ እያለ ይመለሳት ጀመር፤ ጉንጮቿ ጎደጎዱ። ባዩሽ የመጀመሪያ ፅንሷ ጨንግፎባት ስለነበር ፍርሃት ገባት። እሷ በምታውቀው የታመመ ሰው ከጾም ይፈታል። ሱሺላን የሚፈታት ቄስ የለም። «እንግዲያው እኔው ልፍታት፤ ኀጢአቱም በእኔ ይሁን» አለች። የበግ አጥንት ገዝታ ቀቀለች፤ መረቁን በንጹሕ ጨርቅ አጥልላ ምስር ወጡ ውስጥ ጨመረችው።

ሱሺላ በላች፤ አልመለሳትም።

«ባዩሽ፣ ዛሬ በጣም ጥሩ! ምን ጨመርሽ?»

«ቅመም ነው፣ እሜቴ።»

ሦስት ሳምንት እንዲህ ሆነ። የልጅቷ ፊት ተመለሰ። አንድ ቀን የባዩሽን እጅ ይዛ «አንቺ እዚህ አገር እናቴ» አለቻት። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ባዩሽ ደስታ አሰከራትና «ቅመሙማ የበግ አጥንት ነበር፤ ይኸው አዳነዎት!» አለች። ሱሺላ ቃሉ አልገባትም። ባዩሽ እየሳቀች እንደ በግ ጮኸችላት።

ሱሺላ መሬት ላይ ቁጭ አለች። አልተቆጣችም። «እኔ አንቺን አመንኩ» ብቻ አለችና አለቀሰች። በማግስቱ ድስቱ ሁሉ ውጭ ተጥሎ ነበር። ከዚያ ወዲያ ምግቧን ራሷ ትሠራለች፤ ባዩሽ መጥረግና ማጠብ ብቻ ቀራት። ቢያባርሯት ይሻላት ነበር። «ባዳንኩ!» እያለች አንድ ወር ተነጫነጨችና አኩርፋ ወጣች።

ግድግዳ የምትጋራት ጎረቤቷ ኡሙሀኒ በየዓመቱ ኢድ ሲመጣ አንድ ልማድ አላት። ባዩሽ ክርስቲያን ያላረደውን ስለማትበላ፣ ታረቀኝ የሚባለውን ጎረቤት ጠርታ ለእሷ ዶሮ ታሳርዳለች፤ በተለየ ድስትም ትሠራላታለች። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድም ጊዜ አላጓደለችም። ያን ዓመትም ድስቷን ይዛላት ገባች። ባዩሽ ጠቅልላ ልትጎርስ ስትል እጇ መንገድ ላይ ቆመ።

«ኡሙሀኒ፣ ከእናንተው ሥጋ ብትጨምሪብኝ እኔ በምን አውቅ ነበር?»

«ወይ ባዩሽ! አንቺ ባታውቂ እኔ አላውቅም?»

ጉርሻውን መልሳ አስቀመጠችው። ለካ ለሱሺላ ያዘነችው በራሷ ሆድ ነው፤ የልጅቷን ሕግ እንደ ሕግ አልቆጠረችውም። ከሁሉ ያቃጠላት ደግሞ ያ የበግ ጩኸቷ ነበር።

በማግስቱ ቀጨኔ ወርዳ ምንም ያልነካት አዲስ ሸክላ ድስት ገዛችና ወደ መምህሩ ቤት ወጣች። በሩ ተቆልፏል። መምህሩ ወደ ጅማ ተዛውሯል፤ ሚስቱ ልትወልድ አገሯ ገብታለች አሏት። በሰላም ትገላገል አትገላገል የሚያውቅ አልተገኘም፤ ባዩሽም እስከ መጨረሻው አልሰማችም።

ድስቷን ይዛ ተመለሰች። ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር አውርዳ ታጥባታለች እንጂ እሳት ላይ ጥዳት አታውቅም። ጎረቤት ልዋስሽ ሲላት «የሰው ናት» ትላለች።