ለሁለት ሰው የተቆረጠ ኮት

ሌላው ልብስ ሰፊ ሁሉ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ሲዞር፣ እሱ ሜትር አያስፈልገውም ነበር። ደንበኛውን መስኮቱ ፊት ያቆምና በቀኝ እጁ በስንዝር ይለካዋል፤ ከትከሻ ትከሻ፣ ከብብት ወገብ። አውራ ጣት ይረግጣል፣ ትንሿ ጣት ትደርሳለች፣ ደግሞ አውራ ጣት ይከተላል። አንድ ስንዝሩ ሃያ ሁለት ሴንቲ ሜትር ናት። ሒሳቡን በልቡ ይሠራና ጨርቁን በማስመሪያ አስምሮ ይቆርጣል። በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ ይህ ነው የሚባል ስህተት አልተገኘበትም። ሰፈሩም ወላጆቹ ያወጡለትን ስም ረስቶ «አባ ልክ» ብሎታል።

ሲሰፋ ያንጎራጉራል። ግጥሙ የራሱ ነው፤ ዜማው እንደ ቀኑ ይለዋወጣል።

መርፌዬ ተራምዳ ጨርቁን ስታቋርጠው፣
ልቤ ተከተላት ክሩን ሳይበጥሰው።

ነገሩ የጀመረው በጂኦግራፊ መምህሩ ኮት ነው። መምህሩ ለብሶት መስታወቱ ፊት ቆመ። ትከሻው ወርዶ ክንዱ ላይ አርፏል፤ ደረቱ ላይ ጨርቁ ተንዘርፍፏል።

«አባ ልክ፣ ከእኔ ጋር ማን ነው የሚለብሰው?»

«አንተ ከስተህ ነው።»

«እኔ? ይህን ሚስቴ ብትሰማ በደስታ ታለቅሳለች።»

ተሳሳቁ፤ ኮቱም እንዲጠብ ሱቁ ውስጥ ቀረ። በሳምንቱ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ኮት ተመለሰ። ቀጥሎ ልጁን የሚድረው ሰውዬ፣ ቀጥሎ ደግሞ የባንክ ጥበቃው። አራቱ ኮቶች ባንድ ብረት ላይ ተሰቀሉ። አንዱም አልጠበበም፤ አንዱም አላጠረም። ሁሉም ባለቤቱን ጠቅልለው ለሌላ ሰው ቦታ የተረፋቸው ነበሩ።

አባ ልክ እጁን አጣምሮ ቆሞ አያቸው። መስኮቱ ተዘግቷል፤ ነፋስ የለም፤ ኮቶቹ ግን ደረታቸው የሞላ መሰለው። እሱ በስንዝር ሲለካ ከደንበኛው ኋላ አንድ ሰው ተለጥፎ ቆሞ እንደነበረ፣ እጁም ሳያውቅ ሁለቱን ባንድ ላይ እንደለካ አሰበ። ሐሳቡን ሳቀበት። በማግስቱ ግን አንድ ሰው ሲለካ ዓይኑ ወደ ደንበኛው ኋላ ሄደ።

«ኋላዬ ምን አለ?» አለው ሰውዬው።

«ምንም። ቀጥ በል።»

ለሚስቱ ያልነገራቸው ሌሎች ነገሮችም ነበሩ። መርፌዋን ጣቱ እንደያዘ ይመስለዋል፤ ሲያይ ወለሉ ላይ ናት። የሸሚዙን ቁልፍ ለመቆለፍ፣ የሰው ሁሉ ቆላፊ እሱ፣ በር ዘግቶ ይታገላል። የሱቁ ወለል ሲሚንቶ ነው፤ እግሩ ግን ፍራሽ ላይ የሚሄድ ይመስለዋል። ከሁሉ የከፋው ስፌት መኪናው ላይ ሲያቀረቅር ነው። ቀዝቃዛ ነገር ከማጅራቱ ተነስቶ እንደ መብረቅ በጀርባው እስከ ተረከዙ ይወርዳል፤ ቀና ሲል ይጠፋል። አንድ ሰው ከኋላው ጎንበስ ብሎ አንገቱ ላይ የተነፈሰበት ይመስል ዞር ይላል። ኮቶቹ ብቻ ናቸው።

ክሊኒክ ሄዶ ነበር። «ዕድሜ ነው» ብለው ቫይታሚን ሰጡት። የጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ ግን የተሻለ መድኃኒት አለኝ ባይ ነው። ፂም ላጭቶ ሲጨርስ የደንበኛውን ራስ በሁለት እጁ ይይዝና አንገቱን ባንድ ጊዜ አዙሮ ቋ ያደርገዋል፤ ሰዉም ለዚያች ድምፅ ሲል ከሩቅ ይመጣል።

«ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ይምጡልኝ። ቋ ትላለች፣ አለቀ።»

«ቋ ብላ ብትቀርስ?»

«የቀረ ሰው የለም። የቀረ ቢኖር መጥቶ ይነግረኝ ነበር።»

አባ ልክ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ወደ እሺታ ያዘነበለ ነበር። ተከትሎት ሊሄድ ከወንበሩ ሲነሳ ባለቤቱ ገባች። አራቱን ኮቶች አየች፤ የሚንገዳገደውን እግሩን አየች። መሳቢያ ውስጥ ተጥሎ የኖረውን ሜትር አወጣች።

«አንተ ሰውዬ፣ እጅህን ጠረጴዛው ላይ ዘርጋ።»

ዘረጋ። ለካችው። ደግማ ለካችው።

«አሥራ ዘጠኝ ተኩል።»

«እጅ አያጥርም፣ አንቺ።»

«አያጥርም። አንተ ግን አልዘረጋሃትም።»

«ዘርግቻለሁ እኮ።»

ቁልቁል አየ። ትንሿ ጣት ከእህቶቿ ተለይታ፣ ጎብጣ፣ ለብቻዋ ቆማለች። እሱ ግን ቀጥ ብላ የተዘረጋች መስሎት ነበር። ባለቤቱ ትንሿን ጣት ይዛ ስታቃናት፣ የሌላ ሰው እጅ ሲዳበስ የሚያይ መሰለው። ያጠረችው ስንዝር ደንበኞቹን ሁሉ አስፍታቸው ኖሯል፤ በሁለት ሄዶ የሚያልቀውን ትከሻ በሁለት ከምናምን ስትቆጥረው። እንግዲህ ከደንበኛው ኋላ የቆመ አልነበረም። ይህ ሊያጽናናው ሲገባ የባሰ አስፈራው፤ እንግዳው ወደ ውስጥ ገብቷልና።

«ነገ ትልቁ ሆስፒታል እንሄዳለን፤ ፀጉር አስተካካዩ አንገትህን ቢነካ ግን እሱን ነው ቋ የማደርገው» አለችው።

ሐኪሟ ቀጠን ያለች፣ ድምፀ ለስላሳ ሴት ናት። «አባት፣ ቶሎ ቶሎ ይጨብጡ፣ ይዘርጉ» ብላ አሥር ሰከንድ ቆጠረች። ዘጠኝ ጊዜ ሆነለት።

«ስንት መሆን ነበረበት?»

«ሃያ ገደማ።»

ከዚያ የመካከለኛ ጣቱን ጥፍር ቆንጠር አድርጋ ለቀቀችው። አውራ ጣቱ ሳይጠራ ዘለለ። ደገመችው፤ ደግሞ ዘለለ።

«ማን ነው ያዘዘው?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ማንም። ጣቶችዎን ከላይ ‹ረጋ በሉ› የሚላቸው መልእክት መንገድ ላይ ታፍኗል። ካልደረሳቸው እንዲህ በራሳቸው ይዘላሉ።»

ኤምአርአይ ተነሳ። ሐኪሟ ምስሉን ግድግዳው ላይ አበራች፤ አባ ልክም የራሱን አንገት ከውስጥ አየው። ከአንጎል የሚወርደው ህብለ ሰረሰር በአጥንት ዋሻ ውስጥ ነጭ ውሃ ከቦት ይወርዳል። አንገቱ መሐል ሲደርስ ውሃው ይጠፋል። ዲስኮቹ ከፊት፣ የወፈረው ጅማት ከኋላ ገፍተው፣ ገመዱን እንደ ታነቀ ጉሮሮ አቅጥነውታል።

«አንገቴን እኮ አያመኝም።»

«ብዙ ሰው የሚዘገየው ለዚህ ነው።»

«ሠላሳ አራት ዓመት አቀርቅሬ ነው?»

«ማቀርቀሩ ብቻውን አላመጣውም። ዕድሜ አለበት፤ ዋሻውም ከተፈጥሮ ጠበብ ያለ ነው። አንገትዎን የሚያጣምም ሰው እንዳይነካዎት ብቻ።»

ባለቤቱ ባሏን በጎን አየችው።

«ቢተውስ?» አለ አባ ልክ።

«ዝም ያለ ይመስላል፤ ከዚያ ባንድ ቀን አንድ ደረጃ ይወርዳል። ከወረደ መመለሱ ከባድ ነው። በቀዶ ጥገና ዋሻውን እናሰፋለን፤ እንዳይብስ ለማቆም። የሄደውን ሁሉ እመልሳለሁ ብዬ ግን አልዋሽዎትም።»

«እጄስ?»

«ከፊሉ ቢመለስ ደስ ይለኛል።»

«በከፊል እጅ ኮት አይሰፋም» ብሎ ተነሳ። «ይቅርብኝ። እስካለች ልሥራባት።»

«እኔ ያገባሁት ኮት አይደለም» አለች ባለቤቱ።

ሐኪሟ አልተከራከረችም። «ከመሄድዎ በፊት አንድ ነገር። እግርዎን ገጥመው ይቁሙ። አሁን ዓይንዎን ይጨፍኑ።»

ጨፈነ።

ክፍሉ ሳይሆን እሱ ጠፋ። ከወገቡ በታች ምንም የለም፤ እግር የለም፣ ወለል የለም። ጨለማ ውስጥ የተሰቀለ ባዶ ልብስ ሆነ። ወዴት እየወደቀ እንደሆነ እንኳ ሳያውቅ አራት እጆች ያዙት። ዓይኑን ሲገልጥ ባለቤቱ በአንድ ወገን፣ ሐኪሟ በሌላው ነበሩ።

«እስከ አሁን የቆሙት በዓይንዎ ነው» አለች ሐኪሟ በዝግታ። «እግርዎ ለእርስዎ መንገር ካቆመ ቆይቷል።»

ቁልቁል ጫማዎቹን አየ። ማለዳ ማለዳ ሱቅ ድረስ መሬቱን እያየ የሚሄደው ሐሳብ በዝቶበት መስሎት ነበር።

«መቼ ነው የምትሠሪልኝ?» አለ።

ከአንገቱ በስተኋላ ከፍተው፣ የአጥንቶቹን ጣሪያ አነሱለት። ሲነቃ መጀመሪያ የጠየቀው እግሩን ነው፤ ጣቶቹን አንቀሳቅስ ሲሉት አንቀሳቀሰ። ስድስት ሳምንት በአንገት ደጋፊ ውስጥ ቀና ብሎ ተቀመጠ። ፀጉር አስተካካዩ ሊጠይቀው መጥቶ ደጃፉ ላይ ቆመ።

«ጋሼ፣ ያን ቀን አንገትዎን ይዤ ቢሆን ኖሮ...»

«ግባ፣ ግባ። አሁን እኮ ቀና ብዬ ነው የማይህ፤ ዕድሜ ልክህን ስትፈልገው የነበረ ክብር።»

«ትቼዋለሁ፤ የማንንም አንገት አልነካም። ደንበኛ ግማሽ ሆኗል።»

በሦስተኛው ወር ሐኪሟ ስትቆጥር አሥራ አራት ጊዜ ጨበጠ። መብረቁ ቀርቷል። ትንሿ ጣት ግን አልተመለሰችም፤ ሐኪሟም ትመለሳለች አላለችም። በማግስቱ ሱቁ ሄዶ፣ አንድ ቀን ሙሉ አንዲት የኮት ኪስ ሲሰፋና ሲተረትር ዋለ። በአሥር ሰዓት ጨርቁን አጥፎ አስቀመጠው። ባለቤቱ ካርቶንና ቀለም አመጣችለት፤ እሱ ተናገረ፣ እሷ ጻፈች፦ «መጋረጃ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስ እንሰፋለን። ኮት አንሰፋም።» የመጨረሻዋን ቃል ስትጽፍ እጁን ትከሻዋ ላይ አሳርፎ ነበር፤ አላነሳውም።

የመጀመሪያው ሥራ የስድስት ሜትር መጋረጃ ነበር። ጨርቁን እሷ እየመገበችው፣ እሱ የስፌት መኪናውን በእግሩ ረገጠ። ስፌቱ ሁለት ጊዜ ዘመመበት፤ ሁለቴም ተርትሮ ቀጠለ። ቀስ ብሎ ማንጎራጎር ጀመረ። የመጨረሻው ጥግ ጋ ሲደርሱ ባለቤቱ ቀና ብላ አየችው፤ እሱ መስኮቱን እያየ ነበር። እግሩ ከታች፣ ማንም ሳያየው፣ ሥራውን ቀጥሏል።