ከ«እና» በፊት ያለችው ሰረዝ

አያቴ ዕድሜያቸውን በአቃቂ ባቡር ጣቢያ ዕቃ ሲያስጭኑ ኖረው ባለፈው ወር አረፉ። ድሬዳዋ ላሉት እህታቸው በባቡር የምንልከውን ደብዳቤ እሳቸው እየነገሩኝ እኔ እጽፍ ነበር። መዝጊያው ላይ የቤተሰቡ ሰላምታ ይደረደራል፤ የራሳቸውን ስም ሁልጊዜ መጨረሻ ያስጽፉኛል። ስማቸውን ከሚያስከትለው «እና» በፊት ነጠላ ሰረዝ ካላስገባሁ ግን ደብዳቤው አይታሸግም።

አንድ ቀን ሰልችቶኝ «አባባ፣ ‹እና› ካለ ሰረዙ ምን ያደርጋል? አስተማሪያችን ትርፍ ነው ብለዋል» አልኳቸው።

«አስተማሪሽ ባቡር ተሳፍረው አያውቁም መሰለኝ» አሉ። «መጨረሻ የመጣ ሰው የሌላው ጭን ላይ ይቀመጣል እንዴ? ለሱም ወንበር ይፈለግለታል። አስገቢ!»

አስገባሁ። እውነቱን ለመናገር እስካሁንም ትርፍ ትመስለኛለች።

እህታቸው ለልቅሶ መጥተው ተመልሰዋል። በሰላም መግባታቸውን ለመጠየቅ ትናንት ጻፍኩላቸው። ሰላምታው ላይ ስደርስ እናቴን፣ ወንድሜንና ራሴን ጻፍኩ፤ እጄ እንደለመደው ሰረዟን አስገብቶ «እና» አለ። ከዚያ በኋላ የሚጻፍ ስም የለም። ልሰርዘው ብዬ ብዕሬን አነሳሁ፤ አልቻልኩም። የአባባን ወንበር ባዶውን ትቼ ደብዳቤውን አሸግሁት።