በግራ ጆሮዬ የቀረው ድምፅ

መጀመሪያ ያስቸገረኝ ብርሃን ነው። ካሊፎርኒያ፣ ኒውአርክ ባለው መጋዘን ሳጥን እየደረደርኩ ሳለ የጣሪያው መብራት ዓይኔን ወጋኝ። ቀና ባልኩ ቁጥር ነጭ ክብ ሠርቶ ይሰፋል፤ ዓይኔን ስጨፍንም አይጠፋም። ጉሮሮዬ ከጠዋት ጀምሮ ይከረክረኝ ነበር፤ ጉንፋን ነው ብዬ ንቄዋለሁ። ከሰዓት በኋላ የጫማዬን ክር ለማሰር ጎንበስ ስል አንገቴ እምቢ አለ። እሱንም ሳጥን በማንሳት አሳበብኩ። ሰው ለራሱ ምክንያት አያጣም።

የምኖረው ሳን ሆዜ፣ አክስቴ ቤት ነው። እትዬ እላቸዋለሁ። ዲቪ ደርሶኝ ስመጣ ተቀብለው ያኖሩኝ እሳቸው ናቸው። በአማርኛ ጉባኤያቸው የጸሎት ቡድን ይመራሉ፤ ቀልድም አያልቅባቸውም። ከሥራ ገብቼ ሶፋው ላይ ስወድቅ ግንባሬን ዳሰሱና «ይሄስ በሾርባ የሚመለስ አይደለም» አሉ። ደግፈው መኪና ውስጥ አስገቡኝ። በመንገድ ላይ ፀሐይዋ በየመኪናው መስታወት ላይ ታበራለች፣ እኔ ደግሞ ከወንበሩ ትንሽ ከፍ ብዬ የምንሳፈፍ ይመስለኛል። እትዬ እየነዱ ይጸልያሉ። ድምፃቸው ከውሃ ሥር የሚመጣ ያህል ይርቅብኝ ነበር፤ ደስ የሚል ርቀት ነበር።

ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ቁርጥራጭ ነው። ማስክ ያደረጉ ሰዎች። መርፌ። እግሬ ላይ የወጡ ቀያይ ነጠብጣቦች። በጎኔ አስተኙኝ፣ ጉልበትሽን እቀፊ አሉኝ። ላምባር ፓንክቸር ነው፤ ከአከርካሪዬ ፈሳሽ ወሰዱ። አላመመኝም ብል እዋሻለሁ። ሴፍትሪያክሶን የሚባለው አንቲባዮቲክ በደም ሥሬ መግባት ጀምሯል።

ሐኪሟ ወደ ፊቴ ጎንበስ አለች።

«ባክቴሪያል ሜኒንጃይትስ ነው ብለን እየጠረጠርን ነው።» እኛ ማጅራት ገትር የምንለው መሆኑ ነው። «ሰሞኑን ምራቅ የተጋራሽው ሰው አለ? መሳሳም፣ አንድ ጠርሙስ፣ ሲጋራ፣ ቬይፕ፣ ጆይንት? ልወቅስሽ አይደለም። እነዚያ ሰዎች ዛሬውኑ መከላከያ መድኃኒት መውሰድ አለባቸው።»

እትዬ በግራዬ በኩል ቆመዋል። እንግሊዝኛው አያመልጣቸውም።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ቅዳሜ ኦክላንድ፣ ዳዊት የሚባል ጓደኛችን ቤት በረንዳ ላይ ተሰብስበናል። እዚህ ካሊፎርኒያ ካናቢስ ለአዋቂ አይከለከልም። ውሃ ከአንድ ጠርሙስ እየተቀባበልን እንጎነጫለን፤ አንዲት የተጠቀለለች ጆይንትም ስድስታችን መካከል ትዞራለች። እኔ ጋ ስትደርስ ጫፏ ርሷል። ሶፍት አውጥቼ ልጠርጋት ስል ሁሉም ሳቁብኝ።

«ምነው ሊዱ፣ ተጸየፍሽን እንዴ? ቼክ አድርጊያ፣ ኮሌራ የለብንም!» አለ ዳዊት።

ከአንድ ትሪ እየበላን ያደግን ሰዎች ነን። እኛ መካከል «ተጸየፈችን» ከመባል ስድብ ይሻላል። ሶፍቱን ወደ ኪሴ መለስኩና ሳብኩ። ቀጥላ ከእጄ የተቀበለችኝ መቅደስ ናት፣ የእትዬ አንድ ልጅ። ኦክላንድ ትኖራለች፤ ፍሩትቬል ሰፈር ባለ ዴይኬር ውስጥ ሕፃናት ትጠብቃለች። ስንለያይ አቀፈችኝና «ማሚ እንዳትሰማ፣ ፕሊስ። ታዝንብኛለች» አለችኝ። ቃል ሰጠኋት።

አሁን መቅደስ ሕፃናት መካከል ናት። እናቷ አጠገቤ ናቸው። አልጋው ቀስ ብሎ ይዋኛል፣ መጋረጃው ይተነፍሳል፣ እንቅልፍ ደግሞ እንዴት ይጣፍጥ ነበር! ዝም ብዬ ብተኛ ማንም አይወቅሰኝም። ግን ተኝቼ ባልነቃስ? ስሟን ማን ይናገርላታል? ፈራሁ። ለራሴ ከፈራሁት በላይ ለእሷ ፈራሁ።

የዳዊትን ስም ጠራሁ። የሌሎቹንም። ከዚያ «መቅደስ» አልኩ። «ዊድ ነው፣ እትዬ። አብረን ነው ያጨስነው።»

እትዬ ከቦርሳቸው ስልክ ሲያወጡ አየሁ። እኔ ተኛሁ።

ስነቃ አንገቴ ላልቷል፣ መብራቱም መብራት ብቻ ሆኗል። የግራ ጆሮዬ ግን አይሰማም። ሐኪሟ በሽታው የመስሚያውን ነርቭ እንደጎዳ ነገረችኝ፤ ሊመለስም ላይመለስም ይችላል አለች። አልተመለሰም። አልቅሼበታለሁ።

ቤት ከገባሁ በኋላ ሚዛኔ ጠፍቶ ግድግዳ እየዳበስኩ ወደ ጓሮ እወጣና ከጎረቤት አጥር ተሻግሮ የመጣው የሎሚ ዛፍ ሥር ተቀምጬ፣ የወፉ ድምፅ በአንድ በኩል ብቻ ሲገባ እያዳመጥኩ፣ ነቅቼ ነው ወይስ ትኩሳቱ ውስጥ ነኝ እያልኩ ረጅም ጠዋቶች አሳለፍኩ። መቅደስ በቀኜ እየተቀመጠች የሆነውን ሁሉ አወራችልኝ። የዚያን ዕለት አምስቱም ክሊኒክ ሄደው ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባለውን መከላከያ ኪኒን ውጠዋል። እትዬም ከእኔ ጋር አንድ ቤት ስለሚኖሩና ስለሚያጎርሱኝ መውሰድ ነበረባቸው፤ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ከአጫሾቹ ጋር ተሰልፈው «ሳላጨስ የአጫሽ ኪኒን ዋጥኩ!» ሲሉ ዳዊት መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይወድ ነበር። አንዳቸውም አልታመሙም። ኋላ እኔ ሲሻለኝ ግን እትዬ እኔንም መቅደስንም አስቀምጠው ልክ ልካችንን ነግረውናል፤ ሲጨርሱ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» አሉና ሾርባ አቀረቡ።

ማን እንዳስያዘኝ አላውቅም። ሐኪሟ ባክቴሪያው ጤነኛ ሰው ጉሮሮ ውስጥ ሳይታወቅ ሊቀመጥ እንደሚችል ነግራኛለች። «ጆይንቱ ይሁን የውሃው ጠርሙስ፣ እርግጠኛ መሆን አልችልም» ነው ያለችው። ስለዚህ በማንም አልፈርድም።

እናንተ ግን ስሙኝ። ማጨስ አለማጨስ የራሳችሁ ጉዳይ ነው፤ ካጨሳችሁ የየራሳችሁን ያዙ። እሳቱ ጀርሙን ይገድለዋል የሚላችሁን አትመኑ፤ የሚነደው ወዲያኛው ጫፍ ነው፣ ከንፈር የሚነካው ይሄኛው። ጉሮሮው የከረከረው ሰው ዙሩ ይለፈው፣ ማንም አይቀየመው። ዳዊት ዛሬ ለእያንዳንዱ ለብቻው ነው የሚሰጠው፣ በሶፍት አይስቅም። ስለ ክትባቱም ሐኪማችሁን ጠይቁ። ትኩሳት፣ ራስ ምታትና የአንገት መገተር አንድ ላይ ከመጡ ደግሞ ነገ አትበሉ። ሐኪም ከማን ጋር ተጋራችሁ ሲላችሁ ስም ጥሩ፤ ቃል የሰጣችሁትንም ቢሆን።

ያቺን ሐኪም፣ ሌሊትና ቀን ያገላበጡኝን ነርሶች አመሰግናለሁ። ከሁሉ በላይ እትዬን። ያን ቀን እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲል፣ በግራዬ ቆመው ልጃቸው ጋ ሲደውሉ ሰምቻቸዋለሁ። ያ ጆሮዬ ከዚያ ወዲህ ምንም አልሰማም። የመጨረሻ የሰማው ይህን ነው፦

«መቅዲዬ፣ ሰምቻለሁ። አልቆጣም፣ ልጄ። ነይ ብቻ።»