ዶክተሩ የበሉት ቀንድ አውጣ

የአጎቴ ልጅ ቴርዮ ሁለት ነገር አይችልም፤ መስማትና ዝም ማለት። ጆሮውን ዕድሜ ልኩን ሲጠልቅበት የኖረው ባሕር ወሰደበት፤ አፉን ግን የወሰደለት የለም። ታላቄ ስለሆነ እንደ ታናሽ እህቱ ኖይ ቴርዮ እለዋለሁ፤ ስሰድበውም በአክብሮት ነው። በፓንግላዎ ደሴት የእኔን ያህል ዛጎል ከባሕር ያወጣ የለም ይላል። እውነቱን ነው፤ እንዲህ የሚል ሌላ ሰውም የለም። አንዴ ለመንደር ሹመት ተወዳድሮ ሚስቱ ሴንያ እንኳ አልመረጠችውም። “ሳይሾም እንዲህ የሆነ፣ ቢሾም ማን ይችለዋል?” አለች።

አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፤ ፍሎርዴሊስ። ወደ ሴቡ ደሴት ስትሻገር ጀልባው ሰጠመ፤ አስከሬኗም አልተገኘም። በሙታን ቀን ሁላችንም ሻማ ይዘን መቃብር ስንወርድ፣ ቴርዮ የሚያበራበት ድንጋይ የለውም። ስሟ የተጻፈበት አንድ ቦታ የለም። ሌላውን ሁሉ ቻለው፤ ይቺን ግን አልቻላትም።

ታዲያ አንድ ቀን መረቡ ከጥልቁ ሦስት ቀንድ አውጣ ይዞ ወጣ፤ ለስላሳ፣ ሞላላ፣ ብርቱካናማ፣ አፋቸው ጥቁር። ይህን ዘር የተማሩት ሰዎች ወይራ ይሉታል። እኛ አገር የወይራ ፍሬ አይቶ የሚያውቅ ባይኖርም፣ የተማረ ካለ አለ ነው። ቴርዮ ፎቶ አንስቶ ማኒላ ላሉት ለዶክተር ሳልሴዶ ላከ። የቀንድ አውጣ ዶክተር ናቸው። እኛ የሰው ዶክተር እንዳማረን እንቀራለን፤ ቀንድ አውጣ ግን ተመስገን አለው።

ዶክተሩ ወዲያው ደወሉ፤ እኔ ስልኩን ይዤ የሚሉትን ቴርዮ ጆሮ ላይ ጮህኩለት። “እንዳትሸጣቸው! እመጣለሁ። አዲስ ዝርያ ከሆነ ስሙን አንተ ትመርጣለህ።”

“ተጽፎ ይቀራል?”

“ዓለም እስካለች ድረስ።”

ስልኩ ሲዘጋ ቴርዮ አለቀሰ። ከዚያ እንባውን ጠርጎ መንደሩን ሲዞር ዋለ። “የልጄ ስም ሊጻፍ ነው!” ብሎ ያልነገረው ዶሮና ውሻ ብቻ ነው።

ስለ ሥጋው ግን ዶክተሩ አንዲት ቃል አልተነፈሱም፤ የሚነገር ነገር አልመሰላቸውማ። እኛ ዘንድ ዛጎሉ ይሸጣል፣ ሥጋው ይበላል፣ አለቀ። የሚሸት ዛጎል ለሰው የሚያሳይ ባለጌ ነው። ዶክተሩ በሚመጡበት ጠዋት ቴርዮ ቀንድ አውጣዎቹን ከባልዲው አወጣ፤ ሥጋቸውን በመንጠቆ መዘዘ፤ ዛጎሎቹን አጥቦ በሕፃን ቅባት ወለወላቸው። ሥጋውን ደግሞ ሴንያ በኮኮናት ወተትና በዝንጅብል ሠራችው። ከሦስት ጉርሻ ስለማይበልጥ ለክቡር እንግዳው ብቻ ቀረበ፤ እኛ የደረቀ ዓሣችንን በላን።

“ይሄ እንዴት ይጥማል!” አሉ ዶክተሩ መረቁን ጭምር እየጠረጉ።

“ይብሉ፣ ለእርስዎ ተብሎ ነው የተሠራው!” ቴርዮ በኩራት ሊፈነዳ ደርሷል።

እጃቸውን ታጥበው ዛጎሎቹን አገላበጡ፣ በመነጽር አዩ፣ ፈገግ አሉ። “ግሩም ነው። በል አሁን እንስሳውን አምጣልኝ።”

“የቱን እንስሳ?”

“ሥጋውን ነዋ! የሚነከርበት አልኮል ይዣለሁ።”

ቴርዮ ባዶውን ሳህን አየ። ሴንያ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ ምን ይዋጠኝ ብዬ መሬት መሬቱን አየሁ።

“ዶክተር... እርስዎ እኮ ጨረሱት።”

ዶክተሩ እንደ ጨዋ ሰው አልጮሁም። ሆዳቸውን ይዘው ተቀመጡ። ከዚያ ነገሩን አስረዱን፤ በዚህ ዘር ከአንዲት እናት ጥቁሩም ቢጫውም ይወለዳል። የጥንቶቹ ምሁራን ቀለም እያዩ አንዱን ቀንድ አውጣ በአሥር ስም አጥምቀውታል። ስለዚህ ዛሬ ሥጋው ካልተመረመረ ስም የለም።

“ሌላ አመጣለሁ” አለ ቴርዮ።

“ኖይ፣ በዚህ ዕድሜህ ጥልቁ ይበላሃል” አልኩት።

“ልጄ ያለችበት ነው፤ ምን ይለኛል?” አለኝ።

ዝናቡ መጥቶ እስኪያልፍ መረብ ጣለ። በመጨረሻ አንድ አገኘ። ይህን ማንም አልበላውም፤ የሸንኮራ አረቄ ውስጥ ነክሮ ማኒላ ላከው። አረቄውን ሳይቀምስ መላኩ በታሪኩ የመጀመሪያው ነው።

ዶክተሩ ዳግም ሲደውሉም ስልኩን የያዝኩለት እኔ ነኝ። “አዲስ አይደለም” አሉ። “የታወቀው ነው፤ ከጥንት ስም አለው። ቀለሙ ብቻ ነው የተለየው። በጣም አዝናለሁ።” ይህን ጆሮው ላይ መጮህ ነበረብኝ። እግዜር ለጠላቴም አይስጠው። ደጋግሜ ጮህኩለት፤ ቴርዮም ቀና ሳይል መረቡን አጣጥፎ ሰቀለ።

እኔ ገበያ ላይ ቀንድ አውጣ እሸጣለሁ። የዶክተሩን ምሳ ወሬ የሰማ ሁሉ “ያ ዶክተሩ የበሉት አለ?” እያለ ይመጣል። የተለመደውን ወይራ ስሰጣቸው ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ። ገዢዎቹ ሴቶችም የቴርዮን ምኞት አስታውሰው በራሳቸው ጊዜ ፍሎርዴሊስ ይሉት ጀመር። እኔም ነጋዴ ነኝ፤ “ፍሎርዴሊስ! ትኩስ ፍሎርዴሊስ!” እያልኩ ስጮህ ዞር ብል ቴርዮ ከኋላዬ ቆሟል።

ጩኸቴን አቆምኩ። ጀልባው ከሰጠመ ወዲህ እኛ ደጋጎቹ ዘመዶቹ እንዳይከፋው ብለን በፊቱ ስሟን አንስተን አናውቅም። ስሟን ያነሳ ከመጣ እንኳ በዓይን ጠቅሰን እናስቆመው ነበር።

“ኖይ፣ ይቅር በለኝ፣ እኔ እኮ...”

ባልዲ ገልብጦ አጠገቤ ተቀመጠ። “ለምን አቆምሽ?”

“እንዴ...”

“ጥሪያት።”

“ፍሎርዴሊስ” አልኩ ቀስ ብዬ።

“አልሰማሁም፤ ጮክ በይ እንጂ! እስከ ባሕሩ ይሰማ።”